የካርዱ ጀርባ

መስከረም 28

ይድረስ ለአንቺ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ቤተሰብሽስ? እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስልኩ ሦስት ጊዜ ሲጮህ ሰምቻለሁ፤ አላነሳሁትም። ካንቺ ጋር በስልክ ስነጋገር አንደበቴ ይተሳሰራል፤ መልሱ የሚመጣልኝ ዘግቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። በደብዳቤ ግን ማንም አያቻኩለኝም።

አርታኢው ‘ጠይቂልኝ’ ያለሽን ሁለቱን ጥያቄዎች አነበብኳቸው። ይኸው ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ አባትሽ መዝገበ ቃላት ማንም ሳይጠይቀኝ ቆይቶ አሁን ጥያቄው በዛ። ለማንኛውም ልመልስ።

የመጀመሪያው፣ ‘ሳውንድ’ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ለምን አራት ካርድ ያዘ የሚለው ነው። ‘አንድ ቃል አይደለም ወይ? ትርጉሞቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን ብንደረድራቸው ገጽ እናተርፋለን’ ብሏል አልሽኝ። አይደለም በይው። አንድ ቃል አይደለም።

አንደኛው ‘ሳውንድ’ ድምፅ ማለት ነው። ከላቲን ተነስቶ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ የመጣ ነው። ሲመጣ ጫፉ ላይ ያለችው ‘ድ’ አልነበረችውም፤ ሰዎች ሲናገሩት ከጊዜ በኋላ የለጠፉበት ናት። ሁለተኛው ጤነኛ፣ ያልተነካ፣ ነቀዝ ያልገባው ማለት ነው። ይሄኛው ከማንም አልተዋሰም፤ የዚያው አገር ተወላጅ ነው፤ ጀርመኖች ጤነኛ ለሚሉበት ቃል የሥጋ ዘመድ ነው። ሰው ድብን ያለ እንቅልፍ ሲተኛም በዚሁ ይጠሩታል። ሦስተኛው በሁለት የብስ መካከል ያለ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ነው፤ ሥሩ መዋኘት ከሚለው የሰሜን ሰዎች ቃል ነው፤ በዋና ሊሻገሩት የሚቻል ማለት ሳይሆን አይቀርም። አራተኛው ግስ ነው። መርከበኞች ጫፉ ላይ ከባድ ብረት ያሰሩበትን ገመድ ወደ ውሃው ጥለው ጥልቀቱን የሚለኩበት ነው። ሰውን በዘዴ አውጣጥቶ በልቡ ያለውን ማወቅም በዚሁ ይባላል። ከፈረንሳይኛ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ከየት እንደተነሣ ሊቃውንቱ ራሳቸው አይስማሙም።

እንግዲህ አራት ባዕዳን ናቸው፤ መንገድ ላይ ተገናኝተው በአንድ ስም መጠራት የጀመሩ። አንቺ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነሽና ይሄ ለማንም ባይገባ ላንቺ ይገባሻል። ስማቸው ስለተመሳሰለ ብለሽ የአራት ሰው ፋይል በአንድ አቃፊ ትከቺያለሽ? በዚህ ቤት ሕጉ አንድ ነበር፤ ሥሩ የተለየ ቃል ካርዱም የተለየ ነው። ካርዱ ፊት ላይ ቃሉ፣ ሥሩ፣ ትርጉሙና አንድ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር። ጀርባው ላይ የተጻፈበት ቀንና ምሳሌው የተገኘበት ቦታ። ገጽ ለማትረፍ ብሎ አራቱን አንድ ላይ ካጨቃቸው፣ ሌላ ስም አውጥቶለት ያሳትመው በይው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ቀዩ መስመር ነው። አባትሽ አንብቦ የወደደውን ካርድ በቀኝ ጠርዙ ላይ በቀይ እርሳስ አንድ መስመር ያሰምርበት ነበር። አርታኢው ‘ከሳውንድ የመጀመሪያ ካርድ በኋላ እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ አንድም መስመር የለም፤ ለምን?’ ይላል።

እርሳሱ አልቆ ይሆናል በይው።

የአባትሽ ባለቤት


ጥቅምት 9

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ ‘ሳውንድ’ የጻፉትን ለአርታኢው አነበብኩለት። ‘አባትሽ ለባለቤቱ እንኳ ሳይቀር ይህን ያህል አስረድቶ ነበር ማለት ነው’ ብሎ ተገረመ። እውነቱን ለመናገር እኔም ተገርሜያለሁ። አራቱ ካርዶች እንዳሉ ይቀመጣሉ። አባቴ ለያይቶ ከጻፋቸው ማንም አይነካቸውም።

መጽሐፉ በኅዳር መጨረሻ ማተሚያ ቤት ይገባል። የጻፍኩትን መቅድም ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። ረጅም ስለሆነ ሙሉውን ካላነበቡት፣ አሳታሚው የወደዳቸው ክፍሎች እነዚህ ናቸው፦

‘አባቴ ይህን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው በገዛ እጁ ጽፎ ጨርሷል። ሥራውን በፈጸመ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ ሳይታመምና ሳይሰቃይ፣ በድንገት አረፈ። ምሳሌዎቹን ተመልከቱ። ድምፅ የሚለውን ቃል ሲያስረዳ ‘የመኪና ድምፅ ሰማሁ፤ ማንም አልመጣም’ ይላል። በአምስት ቃል አንድ ሙሉ ታሪክ! ይህ መምህር እንዲህ ነበር የሚያስተምረው። በነዚያ ረጅም ዓመታት ሻይ እያፈላች ከጎኑ ላልተለየችው ባለቤቱም ምስጋናችን ይድረሳት።’

አንድ ነገር ይቀራል። አሳታሚው ሥራው የሟቹ መሆኑን የሚያረጋግጥ ፊርማ ይፈልጋል። ‘ካርዶቹ በሙሉ የሟቹ ባለቤቴ የእጅ ጽሑፍ መሆናቸውን አረጋግጣለሁ’ የሚል ወረቀት አብሮ አለ። ከታች ፈርመው በዚህ ሳምንት ይመልሱልኝ።

ስለ ቀዩ መስመር ‘እርሳሱ አልቆ ይሆናል’ ያሉት ለቀልድ ከሆነ አልገባኝም። አርታኢው አሁንም እየጠየቀኝ ነው።

ከአክብሮት ጋር


ጥቅምት 20

ሻይ።

እንደምን አለሽ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ከዚህ ቃል ቀድሞ የሚወጣልኝ ቃል አጣሁ። ሻይ!

በሃያ ዓመት ትዳር ውስጥ በዚህ ቤት ሻይ ያፈላው አባትሽ ነው። እኔ ሳፈላ ውሃው ተንኖ ያልቃል። ካርድ ላይ አጎንብሼ ረስቼው ሦስት ማንቆርቆሪያ አቃጥያለሁ። ሦስተኛውን ጓሮ ጥሎ ሲመለስ ‘አንቺ ሴትዮ፣ ከዛሬ ጀምሮ እሳት እኔ፣ ብዕር አንቺ’ አለኝ። ሰምተሻል? ብዕር አንቺ ነው ያለኝ። መቅድምሽ ላይ እሱን ጻፊው።

ወረቀቱን አልፈርምም። ቀድጄ ልልክልሽ ነበር፤ ጀርባው ንጹሕ መሆኑን ሳይ አሳዘነኝና ለካርድ ቆረጥኩት።

አሁን ስሚኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ዝም ያልኩሽን ያህል አንድ ቀን ልናገር።

አባትሽ እኔን ሲያገኘኝ ማተሚያ ቤት መጻሕፍት ጠራዥ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ማንበብ የለመድኩት ከማሽን ከሚወጣው ሉህ ላይ ነው፤ ሉሁ ሳይታጠፍ ገጽ አንድ ከገጽ ስምንት አጠገብ ነው የሚተኛው፤ ከላይ ያሉት ደግሞ ተዘቅዝቀው። የስንቱን ታሪክ መጨረሻ ከመጀመሪያው በፊት አነበብኩ! አባትሽ የማስተማሪያ ደብተሩን ሊያስጠርዝ መጥቶ ስሕተት ነገርኩት፤ ገጽ አርባ ሁለት ላይ። ‘ማን አስተማረሽ?’ አለኝ። ‘የተበላሸ ወረቀት’ አልኩት። እንዲህ ነው የተዋወቅነው፤ አንቺ ለሰው እንደምትነግሪው ልብስ ሳጥብለት አይደለም።

መጻፍ የተማርኩት አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው፤ የሱን ጽሑፍ እያየሁ፣ በሱ ፊደል ላይ እየደገምኩ። እጄ የሱ እጅ ነው። ለዚህ ነው አንቺም አርታኢሽም መለየት ያልቻላችሁት። ዓይኑ የደከመው ‘ኤች’ ላይ ሳለን ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ካርድ ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ እኔ አነባለሁ፣ እሱ ያርማል፤ አንዳንዴ ደግሞ እኔ አርማለሁ፣ እሱ ይቆጣል። ማታውን ሁሉ ይከራከረኝና ጠዋት ‘ያልሽው ልክ ነው፤ ግን በዚያ አነጋገር አይነገርም ነበር’ ይለኛል። ‘ሳውንድ’ ላይ ስንደርስ ሞተ። ከዚያ ወዲያ ያለው፣ እስከ ‘ዜድ’ ድረስ፣ የኔ ብቻ ነው። አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። አርታኢሽ ‘አባትሽ ለባለቤቱ እንኳ አስረድቶ ነበር’ ብሎ የተገረመባቸውን ሦስቱን የ‘ሳውንድ’ ካርዶች የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያስረዳኝ ማንም የለም።

አምና አርታኢው መጥቶ የካርዶቹን ፊት ፊት ብቻ ፎቶ ኮፒ ሲያደርግ ‘ጀርባውስ?’ አልኩት። ‘ጀርባው ለምን ይጠቅማል’ አለኝ። ‘ሁሉም የሳቸው ነው አይደል?’ ሲለኝ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ አዎ ቆጠረው። ለምን ዝም እንዳልኩ የራሴ ጉዳይ ነው።

አንድ ቀን እዚህ ቤት መስኮት ሥር ቆመሽ ለጓደኛሽ ‘አባቴ ሚስት አይደለም ያገባው፣ አጉሊ መነጽር ነው’ ስትያት ሰምቼሻለሁ። ስትስቁ። ያን ቀን ምንም አልተናገርኩም። ዛሬ ግን እንዲህ እልሻለሁ፤ መነጽር ከሆንኩ እሱ ሳይኖር ያየሁት እኔው በራሴ ነው።

ማስረጃ ትወጃለሽ። የ‘ኤስ’ን መሳቢያ በጨርቅ ጠቅልዬ ዛሬ በአውቶቡስ ጭነት ልኬልሻለሁ። ካርዱን ገልብጪው! ሁሉም ሰው ፊት ፊቱን ብቻ ነው የሚያየው። ገልብጪና ቀኑን አንብቢ፤ ከዚያ ሽፋኑ ላይ የማን ስም እንደሚጻፍ ንገሪኝ።


ጥቅምት 23

ልጄ፣

ይህን ቃል በጽሑፍ ተጠቅሜበት አላውቅም፤ አትቆጪኝ።

ትናንት ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ሄጄ ነበር፤ ጭነቱ ከሁለት ቀን በፊት ወጥቷል አሉኝ። ጠባቂው ‘እማማ፣ መንገድ ላይ ያለ ነገር አይመለስም’ አለኝ። ተከራከርኩት። እሱስ ምን ያድርግ።

መሳቢያው ከደረሰሽ፣ እንደ ተጠቀለለ መልሺልኝ። ያልኩሽን ሁሉ ትቼዋለሁ። ወረቀቱንም ሌላ ላኪልኝ፣ እፈርማለሁ። ሻዩም ይቅር፤ ማለቴ ይሁን፤ እንዳለ ይቀመጥ። መጽሐፉ የአባትሽ ይሁን።

ደርሶሽ ከፍተሽው ከሆነ ደግሞ ከ‘ሶር’ እስከ ‘ሳውንድ’ ያሉትን ብቻ ተያቸው። ሌላውን እንደፈለግሽ አገላብጪ።

ፈሪ ሴት መሆኔን አታውቂም ነበር። አሁን እወቂው።


ኅዳር 6

ተያቸው ያልሽኝን ነው ቀድሜ ያየሁት። ሰው ‘ይሄን አትንኪ’ ተብሎ ሌላውን የሚነካ ይመስልሻል? መዝገብ ቤት አስራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የተደበቀ ወረቀት ሁልጊዜ ‘አያስፈልግም’ ከተባለው ጋር ነው የሚገኘው።

‘አንቺ’ ብዬሻለሁ። እትዬ የምልሽ ሴት ሌላ ነበረች።

ያገኘሁትን በተራ ልጻፍልሽ። ‘ሶር’፣ ቁስል። ጀርባው ላይ ‘ከአልጋ፣ ሁለተኛ ቀን’። ‘ሶሮው’፣ ኀዘን። ‘ከአልጋ፣ አራተኛ ቀን። ትኩሳቱ አልበረደም።’ ‘ሶል’፣ ነፍስ። ‘ከአልጋ፣ ዘጠነኛ ቀን።’ ‘ሳውንድ’፣ ድምፅ። ‘ከአልጋ፣ አስራ አንደኛ ቀን። ከራሱ አፍ።’ ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ሦስቱ ከሞተ በኋላ የተጻፉ ናቸው፤ ቀናቸውን አይቻለሁ። ‘ሱፕ’ የሚለው ደግሞ ከሞተ በስምንተኛው ወር፣ ምሳሌው ከሾርባ ቆርቆሮ ላይ የተገለበጠ። እሺ፤ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ማስረጃው በቂ ነው። ተቀብያለሁ። ደስ ይበልሽ።

አሁን ደግሞ አንቺ መልሺልኝ። አልጋ ላይ ስንት ቀን ቆየ? የመጀመሪያውን ካርድ ቀንና የሞተበትን ቀን አቀናንሼ ቆጠርኩ። አስራ ዘጠኝ ነው የመጣልኝ። አስራ ዘጠኝ ቀን! የላክሽልኝ ቴሌግራም እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ‘አባትሽ ዛሬ ጠዋት በድንገት አረፈ’ ይላል። ለቀብር ስደርስ በር ላይ ይዤሽ ‘ተሰቃየ ወይ?’ አልኩሽ። ‘እንደ ተኛ ነው’ አልሽኝ። እጄን ይዘሽ ነው ያልሽኝ!

ከ‘ሶር’ ኋላ የተወሸቀ አንድ ካርድም አለ። ፊቱ ላይ ቃል የለው፣ ሥር የለው። ‘አባትሽ ታሟል። ይፈልግሻል። ቶሎ ነይ’ ይላል። ጀርባው ላይ ‘ሁለተኛ ቀን’። ይህ ለማን ነው የተጻፈው? እኔ ነኝ ‘አንቺ’? ታዲያ ለምንድነው እኔ ጋ ለመድረስ ስድስት ዓመት የፈጀበት?

‘የመኪና ድምፅ ሰማሁ፤ ማንም አልመጣም።’ ይህንን መቅድም ላይ አስቀምጬ ‘በአምስት ቃል አንድ ሙሉ ታሪክ’ ብያለሁ። አርታኢው ሲያነበው አጨበጨበልኝ። የማን ታሪክ እንደሆነ ሳላውቅ።

ምን እንደሆነ ጻፊልኝ። ሰበብ አልፈልግም፤ ቀን በቀን ጻፊልኝ። ከደበቅሽኝ አውቀዋለሁ።


ኅዳር 17

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ እንድጀምር አትጠብቂ፤ እንዳልሰነበትሽ አውቃለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሊነሣ ሲል ወገቡ ታጥፎ ቀረ። ሐኪሙ መጣ፤ ደረቱን አዳመጠ፤ ኮሪደር ላይ ጠርቶኝ ‘ከዚህ ብታንቀሳቅሱትም ባታንቀሳቅሱትም የሚለውጠው ነገር የለም’ አለኝ። ይሄን የምጽፈው ለማምለጫ አይደለም። አባትሽ የጠራሽ እንድታሳክሚው አልነበረም፤ እንድትሰናበቱ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ‘ልጄን ጥሪልኝ’ አለ። ቤት ውስጥ ካርድ እንጂ ሌላ ወረቀት አልነበረም። የቴሌግራሙን ቃል ካርድ ላይ ጻፍኩት፤ ጀርባው ላይ ቀኑን ጻፍኩ፤ እጄ ለምዶ ነው። ፖስታ ቤት ሄድኩ። ከፊቴ አምስት ሰው ነበር። ተራዬ እስኪደርስ ቆምኩ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ጸሐፊዋ ‘እሺ እናቴ?’ አለችኝ። ‘ምንም’ ብያት ተመለስኩ።

ለምን? ስድስት ዓመት ራሴን ጠይቄዋለሁ። ስትመጪ የሚሆነው ታየኝ። አንቺ ወዳለሽበት ትልቅ ሆስፒታል ትወስጂዋለሽ፤ እኔ በር ላይ እቀመጣለሁ፤ ነጭ የለበሰ ሰው ወጥቶ ‘ለታማሚው ምኑ ነዎት?’ ይለኛል፤ ከኔ ቀድመሽ አንቺ ትመልሺለታለሽ። ‘መነጽሩ ናት’ የምትዪ መሰለኝ። በዚህ ምክንያት ነው። ትንሽ ነገር ነው። ትንሽ በመሆኑ ነው ለማንም መንገር ያቃተኝ።

‘ላክሽው?’ አለኝ ስገባ። ‘ልኬዋለሁ’ አልኩት። አንዴ ካልኩ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። በሦስተኛው ቀን ብልክ ‘ትናንት አልላክሽም ነበር ማለት ነው’ ይለኛል። በአምስተኛው ቀን ደግሞ ይብሳል። ውሸት እንደዚያ ነው፤ በየቀኑ ዋጋው ይጨምራል።

ከዚያ በየቀኑ፦

‘መጣች?’

‘መንገድ ላይ ናት።’

‘ሥራ ይዟት ይሆናል። የመዝገብ ቤት ሰው ቶሎ ፈቃድ አያገኝም።’

ይሟገትልሽ ነበር። እንዳልወቅስሽ ፈርቶ ይመስለኛል። ይኸው፣ አወቅሽው፤ ከኔ ጋር ሆኖ ላንቺ ጥብቅና ይቆም ነበር፤ እኔ ደግሞ እሺ እያልኩ እሰማው ነበር።

በአስራ አንደኛው ቀን ከቀትር በኋላ ደጅ መኪና ቆመ። የመኪናው በር ሲዘጋ ተሰማ። በክርኑ ተደግፎ ብድግ አለ፤ ፀጉሩን በእጁ ደባበሰ። ወደ ጎረቤት የመጣ ሰው ነበር። ተመልሶ ጋደም አለና ‘ካርድ አምጪ’ አለኝ። ‘ሳውንድ። የመጀመሪያው።’ ያንን ዓረፍተ ነገር ተናገረ፤ እኔ ጻፍኩት። ሲናገር ፊቱን ወደኔ አላዞረም። ያወቀብኝ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ አልጠየቀኝም፤ ከዚያ ቀን በኋላም ‘መጣች?’ አላለኝም። የቀሩት ስምንት ቀናት እንዲህ አለፉ። ሥራ አልሠራንም።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ሥራውን የጨረስኩት ለምን መሰለሽ? ስሜን ከሽፋኑ ላይ መተው ካሳ መስሎኝ ነበር። ‘መጽሐፉን በሱ ስም ለልጁ እሰጣታለሁ፤ እኔ ማንም አልሆንም፤ ያኔ እኩል እንሆናለን’ አልኩ። ሻይ ያልሽኝ ቀን ግን ማንም አለመሆን እንደማልችል ገባኝ። ተናድጄ መሳቢያውን ስጠቀልል ያ ካርድ ውስጡ እንዳለ ረስቼ አይመስልሽ። አውቄ ነው የላክሁት። ሲሄድ ነው የፈራሁት።

ይቅርታ አልጠይቅሽም። ብጠይቅሽ መልስ መስጠት ይኖርብሻል፤ ያን ሸክም ደግሞ እኔ አልጭንብሽም። ግን ቁጣዬም አልቆ አይምሰልሽ። በሕይወት በነበረባቸው የመጨረሻ አስር ዓመታት ስንት ጊዜ መጣሽ? ሁለቴ። ሰው ወደ አባቱ ቤት ለመምጣት የግድ ቴሌግራም ያስፈልገዋል? የኔ ጥፋት አስራ ዘጠኝ ቀን ነው። ያንቺንስ ማን ቆጠረው?

‘አንቺ’ ስላልሽኝ አልተቀየምኩም። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለኔ ብለሽ የተናገርሽው የመጀመሪያ ቃል ነው።


ታኅሣሥ 12

ደብዳቤሽን አነበብኩት። ቢሮ ውስጥ፣ ሰው ፊት ነው ያነበብኩት፤ እንዳልጮህ ብዬ። እንዲያም ሆኖ አለቃዬ ወደ ቤት ላከኝ።

‘ይቅር ብዬሻለሁ’ የሚል መስመር እዚህ ውስጥ አትፈልጊ። የለም።

የወሰንኩትን ስሚ። ሕትመቱን አስቁሜዋለሁ። ሽፋኑ ላይ ሁለት ስም ይጻፋል፤ የሱና ያንቺ፤ በእኩል ፊደል። ይህን ያደረግሁት ለቸርነት አይደለም፤ የካርዱ ጀርባ እንዲህ ስለሚል ነው። አርታኢው ‘የጠራዥ ስም መዝገበ ቃላት ላይ እንዴት ይሆናል’ ሲለኝ የ‘ሳውንድ’ን አራት ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ‘ለየው፤ የመምህሩ የትኛው ነው፣ የጠራዧ የትኛው ነው?’ አልኩት። ግማሽ ሰዓት አየው። ሦስቱንም ያንቺን ‘የመምህሩ’ አለ። የአባቴን ‘ይሄኛው ደግሞ ደከም ያለ ነው’ አለው። እንዲያ ስቄ አላውቅም፤ ሳቅ ከሆነ።

ሻዩ ወጥቷል። መቅድሜን ቀድጄዋለሁ። መቅድሙን የምትጽፊው አንቺ ነሽ፤ አስራ ዘጠኙም ቀናት እንዲገቡበት እፈልጋለሁ። ማንም እንዲያነበው፣ በስምሽ። ያለዚያ መጽሐፉ አይወጣም። የመኪናው ዓረፍተ ነገርም ከቦታው አይነሣም።

‘ሁለቴ ነው የመጣሽው’ ብለሻል። ሦስቴ ነው። ሦስተኛውን ጊዜ ማንም አያውቅም። ከመሞቱ በፊት ባለው ዓመት ነው፤ ሳልነግራችሁ መጣሁ። መብራት በርቶ ነበር። በመስኮቱ ሳይ ሁለታችሁ አንድ ካርድ ላይ አጎንብሳችኋል፤ ግንባራችሁ ሊነካካ ደርሷል። እሱ አንድ ነገር አለሽ፤ አንቺ በእርሳስ እጁን መታሽው፤ ሳቃችሁ። እናቴ በሕይወት ሳለች በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። በሩን ሳላንኳኳ ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ተመለስኩ። የኔን የቆጠረው የለም ላልሽው፣ እኔ ቆጥሬዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። አርታኢው ሳይሆን እኔ ነኝ የምጠይቅሽ። ያ የድምፅ ካርድ ላይ ያለው ቀይ መስመር እንደ ሌሎቹ ቀጥ ያለ አይደለም። ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ይሄድና ጠርዙ ላይ ሲደርስ በመሃል ይቋረጣል። የተቆረጠ ይመስላል። ለምንድነው?


ታኅሣሥ 21

እንደምን አለሽ? ዛሬ የምጠይቅሽ የደብዳቤ ወግ ሆኖብኝ አይደለም።

መቅድሙ ከዚህ ጋር አለ። አራት ገጽ ነው። ሰባት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ስድስቱ ውስጥ ሐኪሙን አስቀድሜ ነበር፤ ሰበብ መሆኑ ሲገባኝ አወጣሁት። አሁን እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ ‘ይህን መጽሐፍ የጻፉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ሲሞት ልጁን ጠርቶ ነበር። ጥሪውን ይዤ ያስቀረሁት ሁለተኛዋ እኔ ነኝ።’ ስሜን ከሥሩ ፈርሜያለሁ። አርታኢሽ ‘ለመዝገበ ቃላት እንዲህ ያለ መቅድም አይሆንም’ ካለ፣ አንቺ እንዳደረግሽው ጠረጴዛው ላይ የሚደረደር ነገር አታጪም።

የአባትሽን ካርድ ‘ደከም ያለ ነው’ ማለቱን ሳነብ እኔም ሳቄ መጣ፤ ተናደድኩም። በይው፣ ደክሞት ነበር።

በመስኮት ያየሽውን ቀን አስታውሰዋለሁ። ምን እንዳለኝም ልንገርሽ። ‘ስታበርን’፣ እልኸኛ፣ የሚለውን ቃል ስንጽፍ ምሳሌ አጥተን ነበር፤ ተራው ገና ሳይደርስ፣ ለጨዋታ። ‘ልጄና ሚስቴ’ ብለሽ ጻፊ፣ ሌላ አያስፈልገውም አለኝ። ለዚህ ነው የመታሁት። በሩን አንኳኩተሽ ቢሆን ካርዱን እናሳይሽ ነበር። አሁን ‘ኤስ’ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ካንቺ ጋር ነው ያለው፤ ገልብጪው።

ስለ ቀዩ መስመር።

ያን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ካነበብኩለት በኋላ ‘እርሳሱን ስጪኝ’ አለ። ካርዱን ደረቱ ላይ አንሶላው ላይ አስደገፍኩለት። ዓይኑ አያይም። መስመሩን ጀመረው፤ ካርዱ የት ላይ እንዳለቀ አላወቀም። እጁ እስኪደክም ድረስ አሰመረ። ካርዱ ላይ ያለው ግማሹ ነው። አልተቆረጠም፤ ቀሪው አንሶላው ላይ ነው።

አንሶላውን አላጠብኩትም። አጣጥፌ ከመሳቢያዎቹ ሥር አስቀምጬዋለሁ። መስመሩ አንድ ስንዝር ያህላል፤ ጫፉ ላይ ወደ በሩ አቅጣጫ ይታጠፋል፤ ወይ እኔ እንዲያ አየዋለሁ።

በፖስታ እንድልክልሽ እንዳትጠይቂኝ። አልልክም። ከእንግዲህ ያንቺን ነገር ለማንም ሰልፍና መስኮት አላምንም። ካርዱን ይዘሽ ነይ፤ ጠርዙን አንሶላው ላይ ስናስጠጋው ይገጥማል። እንደተናደድሽ ነይ፤ እኔም ገና አልበረደልኝም። ሻይ ከፈለግሽ ራስሽ ታፈያለሽ።

ስትመጪ ግን በሩን አንኳኪ። መስኮቱ ጋ ቆመሽ እንዳትመለሽ።